ከፈረቃ ውጭ

በ1996 ዓ.ም ብቸና ዘጠነኛ ክፍል መግባት ለእኛ ለገጠር ልጆች ቤት መከራየት ማለት ነበር። ስምንተኛን ያለፈ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከእነማን ጋር ልትገባ ነው?» ተብሎ ነው። ሦስት አራት ያገር ልጆች ተሰባስበው አንድ ጠባብ የጭቃ ቤት ይይዛሉ፤ ግማሹን መደብ ይወስደዋል፣ በተረፈው ጥግ ሦስት ጉልቻ ይቀመጣል። ስንቅ በገበያ ቀን በአህያ ይመጣል። እናቶቻችን በጨርቅ የቋጠሩትን ሽሮና በርበሬ፣ በሶውን፣ ቆሎውን፣ በአገልግል ያሰሩትን እንጀራ እያወረዱ ከአከራያችን ጋር ይሳሳማሉ። «እትዬ፣ ልጆቼን አደራ፤ ለእግዜርም ለእርስዎም ነው የሰጠኋቸው» ትል ነበር እናቴ። አከራያችን ማታ ስንዘገይ በር ላይ ቆመው የሚቆጡን ያንን አደራ ይዘው ነው። እንጀራው እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ያዘልቃል። ከዚያ ድርቆሽ ይከተላል፤ ዓርብ ዓርብ በሶ እንበጠብጣለን። የአከራያችን አምፖል ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲጠፋ ኩራዝ እንለኩሳለን፤ ጧት ስንነሳ አፍንጫችን በጥላሸት ጠቁሮ ይገኛል።

ብቸና ያለችበት እነማይ ወረዳ የነጭ ጤፍ አገር ነው። ያንን ጤፍ የሚያበቅለው ዋልካ ደግሞ መስከረም ላይ እግር አላስነቅል ይላል። በምዝገባው ሰሞን ኮንጎ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን ከተማ እንገባና ትምህርት ቤቱ አጠገብ ስንደርስ እግራችንን ታጥበን እንጫማለን። በአንድ ክፍል ሰማንያ የምንጠጋ ተማሪዎች፣ ሦስት ሦስት ሆነን በአንድ ዴስክ ላይ እንጨናነቅ ነበር። የከተማው ልጆች ፊት ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ያወጣሉ፤ መምህራኑን «ቲቸር» ብለው በድፍረት ይጠራሉ። እኛ ከኋላ ሆነን ስማችን ሲጠራ እንኳ «አለሁ» ለማለት ጉሮሯችን ይደርቅ ነበር። የምናውቀው ነገር ጠፍቶን አልነበረም የምንፈራው። በሰው ፊት አፍን ከፍቶ መናገር ያስተማረን ሰው አልነበረም። በቤታችን ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ይላል፤ ዝምታው ጨዋነት ነው። ስምንት ዓመት የተማርንበት ትምህርት ቤትም ከዚሁ የተለየ አልነበረም።

ትምህርቱ በፈረቃ ነበር። አንድ ሳምንት ጧት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ እንማራለን። ስለዚህ በየቀኑ ግማሽ ቀን ይተርፈናል። ይህ የተረፈ ግማሽ ቀን የመጣው የመማሪያ ክፍል በማነሱ ነው፤ ማንም አስቦበት የሰጠን አልነበረም። ሰው ያደረገን ግን እሱ ነው። ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈልኝን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። በተረፈው ግማሽ ቀን በትምህርት ቤቱ ክበቦች ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

እኔ የገባሁት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። ክፍሏ ከመምህራን ማረፊያው ጎን የተጠጋች፣ መስኮቷ የካርቶን ክዳን ያለው ጠባብ ክፍል ናት። አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ቴፕ፣ ሽቦው በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ማይክራፎን ነበራት። በባሕር ዛፍ አጣና ላይ የታሰሩ ሁለት ጡሩንባዎች ግቢውን ያዳርሱታል። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ወዲያው ማይክራፎን አይዝም። የእሱ ሥራ ማታ ሬዲዮ አዳምጦ ዜናውን በእጁ መገልበጥ፣ ከቤተ መጻሕፍት ለጠቅላላ ዕውቀት የሚሆን ነገር መፈለግ፣ ጧት ከሰልፍ በፊት ሽቦውን ዘርግቶ መሣሪያውን ማሞቅ ነው። የሚያነቡት አስረኛ ክፍሎች ናቸው። ሥርዓቱ እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነበር እላለሁ። የሌላውን ንባብ ወራት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ልጅ ተራው ሲደርስ የት መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል።

ተራዬ የደረሰ ዕለት እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለ ችግኝ ተከላ የተጻፈ ማስታወቂያ አነበብኩ። የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ መምህራችን ነበሩ። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አንድ መስመር በእርሳስ አሰመሩና «ያገርህን አነጋገር እንዳትለውጥ፤ ፍጥነትህን ብቻ ቀንስ። ሰዎቹ ከጡሩንባው ርቀው ነው ያሉት፤ ቃሉ እስኪደርሳቸው ጠብቃቸው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አሠልጣኞች ገጥመውኛል። ስለ ንግግር ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ የለም።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የወለቀ አንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም ሲያሳትሙ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያደረጉት ዲማ ላይ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ እኛው አጠገብ ነው። በዕረፍት ሰዓት ከመጽሐፉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገጽ በጡሩንባው ይነበብ ጀመር። የሚያነበው ልጅ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ሰምቶ ያደገ ነው፤ የወጋየሁን የድምፅ አወራረድ ሊከተል ይጥራል። ኳስ የሚጫወተው ኳሱን ይዞ ይቆማል። ቧንቧው ጋ ወረፋ የያዘው ወረፋውን ይረሳል። ከዲማ የመጡ ልጆች ነበሩን፤ ከእነርሱ አንዱ «እኛ ቤት ከዚያ ግንብ ማዶ ነው» ሲል ክፍሉ ሁሉ ዘወር ብሎ አየው። እስከዚያ ቀን ድረስ መጽሐፍ የሚጻፈው ስለ ሌላ አገርና ስለ ሌላ ሰው ይመስለን ነበር። በሩቅ አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ የእኛን መንገድ፣ የእኛን ደብር፣ የእኛን አነጋገር ይዞ ሲገኝ የገጠር ልጅ አንገቱን ቀና ያደርጋል። በዚያ ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ወረፋ ተጀመረ።

ስለ ሴቶች ክበብ ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው።

ዴስካችን ላይ በስተቀኜ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ቀረች። በእኛ አገር ጥር የሠርግ ወር ነው፤ በጥር የቀረች ተማሪ የት እንደሄደች ሁሉም ያውቃል፤ ስሟ ከመዝገቡ እስኪሰረዝ ድረስ ማንም አያነሳውም ነበር። ያን ጊዜ ግን ክበቡን የምትመራ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። የልጅቱ የቤት ጓደኛ አልቅሳ ነገረቻት። በፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ፣ በክልሉ የቤተሰብ ሕግም ከ1995 ዓ.ም ወዲህ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሆኗል። ሕጉ ወረቀት ላይ ካለ እንግዲህ ቤቱ ድረስ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። መምህርቷ ከክበቡ ሁለት ተማሪዎች፣ ከወረዳው የሴቶች ጉዳይ አንዲት ባለሙያ ይዛ በእግሯ ወደ ቀበሌው ወረደች። ጠላው ተጠምቋል፤ ዳሱ ተጥሏል። አባትየው «ቃል ሰጥቻለሁ፤ ከቃሌ ወጥቼ በየት አገር ልኖር ነው?» አሉ። ይህን ያሉት ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። ቃል ለገባ ሰው ቃሉን ማጠፍ በዚያ አገር ሞት ነው። መምህርቷ በክስ አልጀመረችም፤ ሽማግሌ ጠርታ አስቀመጠች። ሽማግሌዎቹ የሙሽራውን ወገን አነጋገሩና ቃሉን ያሰጠው ወገን ራሱ እንዲመልሰው አደረጉ። አባት ሳይዋረድ፣ ልጅቱ ሳትዳር ነገሩ አለቀ።

ልጅቱ ተመለሰች፤ ስንቅ ግን ከቤት አልመጣላትም። አባትየው ተቆጥተዋል። የክበቡ ልጆች አንዳንድ ጣሳ ሽሮ፣ አንዳንድ ጣሳ በሶ እያዋጡ አበሏት። እኛም ወንዶቹ ሰምተን ከስንቃችን ላክን። ከእኛ መካከል የተረፈው አልነበረም። ሽሮ ሲላክ ዓርብ የሚበላው ይጎድላል፤ እያወቅን ላክነው። በፋሲካ እናቷ በአህያ ጭና መጣች፤ አባትየውም ከኋላ ሆነው አህያዋን ይነዱ ነበር። ልጅቱ ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት። የሴቶች ክበብ ምን ሠራ ለሚለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ እሷ ናት።

በ1997 ዓ.ም አስረኛ ስንገባ ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቃል። መምህራችን መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ይኖራቸዋል፤ መካከሉን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ጠብቆ ያልፋል። የጠየቀውን ገና ሳንረዳ መልሱ ታይቶ ይጠፋል። እንግሊዝኛውን በቅጡ ላልለመደ የገጠር ልጅ ያ ሰዓት ከባድ ነበር። በሥዕል የታገዘ የፊዚክስና የባዮሎጂ ሙከራ ማየታችን ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ሰው ቆም ብሎ «ገባችሁ?» የማይልበት ትምህርት ዓይን አፋሩን ልጅ ይበልጥ ዝም ያሰኘዋል። በዚያ ዓመት የክበቦቹ ሰዓት የበለጠ ያስፈለገን ለዚህ ነው።

ያ ዓመት ደግሞ አገሩ ሁሉ በሬዲዮ የምርጫ ክርክር የሚያዳምጥበት ዓመት ነበር። እረኛውም ነጋዴውም ስለ ክርክር ያወራል። የእኛም ክርክር ክበብ ነፍስ ዘራ። ርእሶቹ የቆዩት ናቸው፦ ከገንዘብና ከዕውቀት፣ ከእሳትና ከውኃ፣ ከብዕርና ከጠመንጃ የቱ ይበልጣል? አዳራሽ ስላልነበረን ሜዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ነው። ሰዓት የሚይዝ ልጅ ደወል ይዞ ይቆማል። አንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለብዕር ቆማ ከአንድ አስረኛ ክፍል ጎረምሳ ጋር ስትከራከር፣ እሱ የአርበኛውን የበላይ ዘለቀን ስም ጠርቶ ጭብጨባውን ወሰደ። በበላይ አገር ለብዕር መቆም ቀላል ነገር አይደለም። እሷ ግን ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀችና «በላይን እኔም እንደ አንተ እወደዋለሁ። እኔና አንተ ታሪኩን የምናውቀው ስለተጻፈ ነው» አለች። ዳኞቹ ለእሷ ፈረዱ። ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን ይደፉ ከነበሩት አንዷ ናት።

በግንቦት የወላጆች ቀን የኪነ ጥበብ ክበቡ ስለ በላይ ዘለቀ ድራማ አሳየ። ታሪኩን ማንም ያውቀዋል። አምስቱን ዓመት ጣሊያንን ሲወጋ ኖሮ፣ ከነፃነት በኋላ ሶማ ተራራ ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግቶ፣ በ1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ሶማን ከብቸና አካባቢ ሆኖ በስም የማያውቅ የለም። ጠመንጃዎቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ከወይራ ጠርበው ሠሯቸው፤ ማንገቻው የአሮጌ ቀበቶ ቁራጭ ነው። በላይን የሚሠራው ልጅ ወደ መድረኩ ሲወጣ ከፊት ረድፍ አንድ ሸበቶ አባት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። የሜዳሊያቸው ሪባን ቀለሙ ለቋል። ቀስ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ፤ መምህራኑ ሊይዟቸው ሲሉ ርእሰ መምህሩ «ተዉአቸው» አሉ። የልጁን የእንጨት ጠመንጃ ከትከሻው አወረዱ፣ አፈ ሙዙን ወደ ታች አድርገው ማንገቻውን በግራ ትከሻው አሳለፉት፣ ጋቢውንም እጁ እንዲፈታ አድርገው አጣፉለት። «እንዲህ ነው ልጄ» አሉት። ከዚያ ወርደው ተቀመጡ። ድራማው ከቆመበት ቀጠለ። ያን ልጅ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያየው ሰው አካሄዱ ራሱ መለወጡን ይመሰክራል። የታሪክ ትምህርት ማለት ለእኔ ያች ደቂቃ ናት።

ወደ ሞጣ የሄድነው በዚያው ዓመት በየካቲት ነው፤ ከሞጣ ተማሪዎች ጋር በኳስና በጥያቄና መልስ ለመጋጠም። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። በአይሱዙ ጀርባ ላይ ቆመን፣ የጮቄን ተራራ በስተግራ እያየን፣ በደብረ ወርቅ በኩል አለፍን። ደብረ ወርቅ ማርያም ስትታይ ሁሉም አማተበ፤ ዘፈኑም ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ሞጣ ስንወርድ ፊታችን በአቧራ ነጭ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

ለእንግዳ የሚሆን ማረፊያ ስላልነበረ የሞጣ ተማሪዎች ሁለት ሁለት አድርገው ወደየኪራይ ቤታቸው ወሰዱን። በሩን ከፍቼ ስገባ ያየሁት የእኔኑ ቤት ነው፤ ያው መደብ፣ ያው ጉልቻ፣ ግድግዳው ላይ ያው በማስመሪያ የተሰመረ የጥናት ፕሮግራም። እነሱም ከጎንቻና ከእነሴ ገጠሮች ስንቅ ተሸክመው የመጡ ናቸው። የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ምሽት አቀረቡልን። ስንግደረደር «ብሉ እንጂ፤ እኛም ብቸና ስንመጣ እንበላለን» አሉ።

ካስተናገዱን ልጆች የአንዱ እናት ዘመዶቿ ያሉት ከዓባይ ማዶ፣ በጎንደር በኩል ነው። ማታ ስለ ሰባራ ድልድይ አጫወተን። ድልድዩ በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይ የተሠራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ተሰብሮ ከስድሳ ዓመት በላይ እንደ ተሰበረ ኖረ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው የሚሻገረው ገመድ በወገቡ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎበዞች እየሳቡት ነበር። «እናቴ እኔን አዝላ ተሻግራበታለች» አለን ልጁ። በ1994 ዓ.ም ውጭ አገር ባሉ በጎ ፈቃደኞች እርዳታ ስብራቱ በብረት ተያይዞ ሰው መሻገር ጀምሮ ነበር። የእኛ ጉዞ ባለፈ በወራት ውስጥ በክረምቱ ሙላት ያ ብረት ተወሰደ፤ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራለት በ2001 ዓ.ም ነው። የብረቱን መወሰድ የሰማሁ ጊዜ የዚያ ልጅ እናት ትዝ አለችኝ።

በማግስቱ ጧት ሞጣ ጊዮርጊስን አሳዩን፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል እንዳሠራችው የሚነገርለት ደብር ነው። በእግር ኳስ ሞጣዎች አሸነፉን። በጥያቄና መልስ እኛ አሸነፍን፤ ወሳኟን ጥያቄ የመለሰችው ያች ከጥር ሠርግ የተመለሰችው ልጅ ናት። ሽልማቱ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። ከውድድሩ በኋላ ከሞጣ ልጆች ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፍን ቆየን። ከእነርሱ ሁለቱ ዛሬም ወንድሞቼ ናቸው፤ አንደኛው ሚዜዬ ነበር።

የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሁላችንንም በተነን። እስከ 2011 ዓ.ም ድረስ በቆየው በዚያ ሥርዓት ያለፈው ወደ መሰናዶ ይገባል፤ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። ወደ እርሻ ከተመለሱት ጓደኞቼ አንዱ የቀበሌው ማኅበር ጸሐፊ ሆነ፤ ስብሰባ ሲመራ ያየው ሰው ዩኒቨርሲቲ የገባ ነው ይለዋል። ተማሪ ሳለ የገባው ቀይ መስቀል ክበብ ነበር። ክበቦቹ ካፈሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ የትም መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ እንዲህ ያሉ ናቸው።

አሁን ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ ወሬው ሁሉ ፈተና ነው። ምክንያቱ አይታጣም፤ በ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ትርፍ ሰዓት ሁሉ የማጠናከሪያ ትምህርት ሆነ። ልጆቹ ማጠናከሪያ ያስፈልጋቸዋል። ከኋላ ተቀምጦ ዝም ያለው ልጅ ግን ያልገባውን በማጠናከሪያውም አይጠይቅም፤ መጀመሪያ አፉን የሚያስከፍተው ነገር ይፈልጋል።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ ይህንን እንኳ የምንከራከርበት ጊዜ አልሆነም። በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ብቸናና ሞጣ ያሉበት ምሥራቅ ጎጃም ብዙ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ዘጠነኛ ሊገቡ ስንቃቸውን ያዘጋጁ ልጆች ዓመታት ቆጥረው ዕድሜያቸው ከክፍላቸው አለፈ። ከጥር ሠርግ የሚያስጥል ክበብ በሌለበት ስንት ልጅ እንደተዳረች ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከደጀን ትምህርት ቤቶች ወጥታችሁ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ላላችሁ ሁሉ የምለምነው አለኝ። የትምህርት ቤቶቹ በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደብተርና እስክሪብቶ መላካችን አይቀርም፤ እንላክ። ከዚያው ጋር ግን አንድ አምፕሊፋየርና አንድ ማይክራፎን፣ ሁለት ኳስ፣ ሽፋኑ ያልወለቀ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንጨምር። የሴቶች ክበብ ለሚመሩ መምህራን የመጓጓዣቸውን እንቻል። ያስተማሯችሁ የክበብ ኃላፊ በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ ከፈረቃቸው ውጭ ለሠሩት ሥራ ማንም ከፍሏቸው አያውቅም።